የአዳራሹ የኋላ በር

ባለፈው ወር የእናቴ የከሰል ምድጃ ሥሩ ተበልቶ ስለወደቀ ምናለሽ ተራ ሄጄ ሌላ እንድገዛላት ላከችኝ። ዋጋ መከራከር አልችልበትም። ሻጩ የጠራውን ሰምቼ ዝም ስል አሳዘንኩት መሰለኝ፣ "ቀንስ በይ እንጂ እህቴ" ብሎ ራሱ ቀነሰልኝ። ምድጃውን በካርቶን ጠቅልሎ በሲባጎ ሲያስርልኝ፣ አጠገቡ የቆመ ሰውዬ ባዶ በርሜል ላይ እሳት ለቀቀበት። የበርሜል ቀለም ሲቃጠል የራሱ ሽታ አለው። መጀመሪያ ጎማ ጎማ ይላል፣ ቀጥሎ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ይቀመጥና አይወርድም። ልጅ ሆኜ በየቀኑ የማሸተው ሽታ ነበር። ምድጃዬን አቅፌ ወደ ታክሲ የሚወስደኝን መንገድ ትቼ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ያ ቦታ ላይ አሁን የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ከታች መጋረጃና ምንጣፍ ይሸጣሉ። ደጃፉ ላይ ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ ልጅ እግር ሻጭ፣ "ምን ነበር እህት? መጋረጃ? ምንጣፍ? ግቢ ዝም ብለሽ እዪ" አለኝ። "ምንም አይደለም" አልኩት። በር እየፈለግኩ ነው ብለው ምን ይለኝ ነበር?

ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት እዚያ ቦታ ላይ የወታደሮቹ አዳራሽ ነበር። አዳራሽ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ረጅም ቤት ነው። ፊቱ ወደ ሰባተኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ጀርባው ደግሞ ምናለሽ ተራ ላይ፣ በርሜል እየተቀጠቀጠ ምድጃና አካፋ በሚሆንበት በኩል። የእኛ ቤት ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከጀርባ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ቤታችን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች እንደ አንዱ ነበር።

አዳራሹ ቀድሞ የጤፍ መጋዘን ነው። ይህን የነገረኝ አባባ ነው፤ የእናቴ አባት፣ ሃምሳ አለቃ ወርቁ። በጃንሆይ ጊዜ መጋዘኑ የአንድ ነጋዴ ነበር። የነጋዴው ልጅ ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ዘመተና እሱም አልተመለሰ፣ ሬሳውም አልመጣ። ከዘመቻው የተረፉት ወታደሮች ተመልሰው ሊያስተዛዝኑት ሲመጡ ሰውየው ብዙ አላለቀሰም። ቁልፉን አወጣና፣ "የኔን ልጅ የሸኘው ሰው የለም። እናንተ እዚህ እየተሰበሰባችሁ እርስ በርሳችሁ ተሸኛኙ" አላቸው።

"ጤፉን አወጣና እኛን ከተተን" ይል ነበር አባባ። "ከጤፉ ይልቅ እኛ ነቀዝን!"

አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፤ ስብሰባው ግን የእነሱ እንደሆነ ቀረ። በየጦርነቱ የቆሰሉ ሌሎች እየተጨመሩ አግዳሚ ወንበሩ ጠበባቸው። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ወታደር ነበርኩ ማለት የሚያሳፍርም የሚያስፈራም ነገር ሆነ። ከፊት በር በላይ የነበረውን ጽሑፍ ኖራ ቀብተው "መረዳጃ እድር" ብለው ጻፉበት። ኖራው በክረምት ሲርስ የድሮው ጽሑፍ ከሥር ብቅ ይል ነበር። እኔ ቤቱ በዝናብ ጊዜ ብቻ የወታደር የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

አዳራሹ ሁለት በር ነበረው። በመጋዘንነቱ ዘመን ጤፉ በፊት በር ገብቶ በኋላው በር ይጫን ነበር። ወታደሮቹም ሥርዓቱን እንዳለ ወረሱት። ከእነሱ አንዱ ሲሞት፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ በፊት በር ይገባል። መሀል ላይ ያሳርፉታል። ከሟቹ ጋር የዘመተ አንድ ሰው ተነሥቶ አብረው የት እንደነበሩና ምን እንዳዩ ይናገራል። ንግግሩ አጭር ነው፤ የሚያረዝም ሰው ካለ በሳል ያቋርጡታል። ከዚያ የኋላው በር መቀርቀሪያ ይወልቅና ሟቹን በትከሻቸው ተሸክመው ይወጣሉ። ከበሩ በኋላ ክርስቲያኑ ወደ ቤተክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ወደ መስጊድ ይታጠፋል። እስከ በሩ ድረስ ግን ልዩነት አልነበረም። ሰው ካልሞተ ያ በር አይከፈትም፤ በዚያ የወጣ ሰውም፣ ተሸካሚም ቢሆን፣ በዚያው አይመለስም።

እናቴ ምናለሽ ተራ እንዳልሄድ ከልክላኝ ስለነበር በሩ ወዴት እንደሚያወጣ አላውቅም ነበር። የማውቀው፣ ልጅ ናት ተብዬ ከአባባ ጎን ሆኜ ከውስጥ የማየውን ነው። መቀርቀሪያው ሲወልቅ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ይገባል፤ ወዲያው መዶሻው ጸጥ ይላል። ያ ሁሉ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ቀጥቃጮቹ ለሟቹ ክብር ብለው ሥራ እንደሚያቆሙ የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ በራሴ ደረስኩበት፦ ከበሩ ወዲያ ድምፅ የሌለበት አገር አለ፤ ሰዎቹ የሚሄዱት እዚያ ነው።

አባባ በጦር ሜዳ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበር። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው። እኔ ግን ትከሻው የተጣመመው እሽኮኮ አድርጎኝ ትምህርት ቤት ሲወስደኝ ስለሚመስለኝ አንዳንድ ቀን፣ "ዛሬ በግራው ልሁን" እለው ነበር። ከውትድርና ከወጣ በኋላ እህል በረንዳ መጋዘን ሲጠብቅ ኖረ። ያን ዓመት ሳሉ ስለባሰበት ሥራውን ትቶ ቤት ዋለ። ሐኪም ሳንባው ተጎድቷል ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘለት። ቀን ቀን አዳራሹ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ከጋሽ ሙደሲር ጋር ይቀመጣል። ጋሽ ሙደሲር የእድሩ ዳኛ ነበሩ፤ በዘመቻ ጊዜ የጦሩ ወጥ ሠሪ።

"ትጉ" ይለኝ ነበር አባባ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ "ይሄን ሰውዬ ታያለሽ? ጠላት ያልጨረሰውን ጦር በወጡ ሊጨርሰው ነበር።"

"ሳህኑን የሚልሰው ማን ነበር ታዲያ?" ይሉታል ጋሽ ሙደሲር። "ወላሂ፣ መጀመሪያ አንተን በሸኘሁህና ምላስህ ባረፈ!"

"አንተ ነህ ቀድመህ የምትወጣው። ታየኛለህ፣ በዚች ትከሻ ነው የማወጣህ።"

ሌላው ሰው ሟርት የሚለውን ነገር እነሱ እንደ ካርታ ጨዋታ ይጫወቱበት ነበር።

አንድ እሑድ ከቀበሌ አንድ ወጣት ወደ አዳራሹ መጣ። ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ከቆመበት ንቅንቅ ሳይል ነው የተናገረው፤ አፍሮ ነበር። ቦታው ለነጋዴዎች አክሲዮን ማኅበር ተሰጥቷል፣ ሕንፃ ይሠራበታል፣ ለእድሩ ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጠዋል አለ። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ከተማው ዳር ድረስ ሬሳ በታክሲ ልንወስድ ነው ወይ ብሎ ጮኸ። አባባ ግን አልተቆጣም። እጁን አወጣና፣

"ልጄ፣ እስከ መቼ ነው ጊዜ ያለን?" አለ።

"እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው አባቴ።"

አባባ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ልብስ እያጠፈች ነበር።

"እኔ እንጃ" አለ፣ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ተጨንቆ፣ "እስከ ግንቦት የምሞት አይመስለኝም።"

"አባዬ!" አለች እማዬ፤ ያጠፈችው ልብስ ከእጇ ወደቀ።

እኔ ግን በዚያን ቀን ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ሰው ነበርኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰዎቹ የሚሞቱት በሩ ስላለ ነው። በሩ ከፈረሰ አባባ የሚሄድበት የለም። ማታ ጎኑ ተጠግቼ በጆሮው ነገርኩት።

"አባባ፣ በሩ ከፈረሰማ አትሞትም አይደል?"

አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ጀርባውን ደገፍኩት። ትንፋሹ ሲመለስ፣ "በሩ አይደለም የሚገድለው ትጉዬ" አለኝ።

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ብቻህን እንዳትወጣ ያደርጋል።" ጋቢውን አለበሰኝ። "እኔ ብዙ ሰው ተሸክሜያለሁ። ጥዬው የመጣሁትም አለ።"

"የት?"

"ራቅ ይላል።"

እኔም ራቅ ካለ ነገ ሄዶ ያመጣዋል ብዬ ተኛሁ።

ከፋሲካ በኋላ አባባ ባሰበት። እማዬ ሐኪም ቤት አመላለሰችው፤ መድኃኒቱ አልሠራ ያለው ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። አንድ ቀን ፍራሹን ፀሐይ ላይ ልታወጣ ስትገለብጠው ኪኒኖቹ ከሥር ተደርድረው ተገኙ። የቀበሌው ልጅ ከመጣ ወዲህ አንዱንም አልዋጠም። ምላሱ ሥር እየደበቀ ኖሯል።

እማዬ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ሴት ወደማይገባበት አዳራሽ ሰተት ብላ ስትገባ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ምትክ ቦታው እየተነጋገሩ ነበር፤ አባባም ከመሀላቸው በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኪኒኖቹን ጋሽ ሙደሲር ፊት ጠረጴዛው ላይ በተነችው።

"ጋሽ ሙደሲር፣ ይሄን ይመልከቱልኝ። አባቴ ከግንቦት በፊት ልሙት ብሎ እየተጣደፈ ነው። እናንተ ደግሞ እዚህ ተቀምጣችሁ ስለ በር ታወራላችሁ!"

የሳለ እንኳን አልነበረም። ጋሽ ሙደሲር ኪኒኖቹን በጣታቸው ሰበሰቧቸው።

"ወርቁ፣ እውነት ነው?"

አባባ እንደተያዘ ተማሪ ወለሉን አየ። "እኔ ምን ላድርግ?" አለ። "ጊዜው አጠረ። ከግንቦት በኋላ በየት ልታወጡኝ ነው?"

"አላህ ባለው ቀን፣ ባለው በር!"

"እንግዲያው አሁኑኑ አውጡኝ። በሩ ሳይፈርስ በቁሜ ሸኙኝና መድኃኒቱን እውጣለሁ። አይ ካላችሁ አልውጥም።"

አዳራሹ ተደበላለቀ። ሟርት ነው ያሉ ነበሩ። ያ በር ለሕያው ሰው ተከፍቶ አያውቅም፣ በራሳችን ላይ ነው የምንከፍተው አሉ። እማዬ፣ "አባቴን በሕይወት አልቀብርም!" ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ግን ዓይኗ ኪኒኖቹ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ለጋሽ ሙደሲር ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ተጋድሞ አይሆንም" አለች። "ከሆነም ተቀምጦ።"

የሚቀጥለው እሑድ ጠዋት አባባ ጢሙን ተላጨ፤ ኮቱን ለበሰ። ኮቱ ሰፍቶት እጅጌው ጣቱን ሸፍኖታል። አራት ሽማግሌዎች ከነወንበሩ አነሡት። ሲያነሡት ጠብ ተነሣ።

"አንተ አጥረሃል፣ ወደ ፊት ና!"

"ድሮም እንዲሁ ነበርኩ፣ ዛሬ ታየህ?"

"ኧረ ቀስ በሉ፣ ሳልሞት ልትገድሉኝ ነው!" አለ አባባ ከላይ ሆኖ። ሰዎቹ ሲስቁ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ።

በፊት በር ገብተው መሀል ላይ አሳረፉት። እማዬና እኔ ግድግዳ ተጠግተን ቆምን። ጋሽ ሙደሲር ሊናገሩ ተነሡ። ሁላችንም የሚያስቅ ነገር እየጠበቅን ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ወርቁ ተሸክሞኛል" አሉ።

ተቀመጡ። ያለቀ አልመሰለንም፤ ግን አልቆ ነበር። አባባ ወደ እሳቸው ሳይዞር፣ "ኧረ ከባድ ነበርክ" አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሽ ሙደሲር ቆስለው እንደነበር አላውቅም ነበር፤ ከእማዬ ፊት እንደተረዳሁት እሷም አታውቅም።

መቀርቀሪያው ወለቀ። ብርሃኑ ገባ፤ መዶሻው ቆመ። አራቱ ሰዎች ወንበሩን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ሲገቡ የአባባ ጭንቅላት ከሌሎቹ በላይ ከፍ ብሎ ታየኝ፣ ከዚያ ጠፋ። የቀሩትም አንድ በአንድ ተከተሉት። እኔ አመንኩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ እየተደጋገፉ፣ ሁሉም ድምፅ ወደሌለበት አገር ሄዱ። የእማዬን እጅ ለቅቄ በፊት በር ሮጬ ወጣሁ። የአዳራሹን ጎን ተከትሎ የሚሄደው ቀጭን መተላለፊያ የተከለከልኩት መንገድ ነበር፤ በጭቃው ላይ እየወደቅኩ ዞርኩት።

ድምፅ የሌለበት አገር በርሜል በርሜል ነበር። አመድ፣ የተቆራረጠ ብረት፣ በጡብ ላይ የተጣደ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ያ የተቃጠለ ቀለም ሽታ። ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን ወደ ታች ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በረድፍ ቆመዋል። አባባ ከነወንበሩ መሀላቸው ተቀምጦ በብርሃኑ ዓይኑን ያርገበግባል። ሸምሱ የሚባለው ወጣት ቀጥቃጭ፣ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ፣ ጠጋ ብሎ አየው።

"እንዴ! ፋዘር፣ በሕይወት ኖት እንዴ?"

"ለጊዜው" አለ አባባ።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ተያዩ። ከዚያ በር በኋላ ወደ ቤተክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ነው የሚታጠፉት፤ ያን ቀን ግን ወደ የትኛውም የሚታጠፉበት አልነበራቸውም። በመጡበት መመለስ ደግሞ አይቻልም። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ከሥርዓቱ በኋላ ምን እንደሚደረግ አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ሸምሱ መዶሻውን ጥሎ፣ "ኑ፣ በዋናው መንገድ ላዙራችሁ" አለና ከፊት ከፊት እየሄደ፣ "ቦታ! ቦታ! አባቶችን አሳልፉ!" እያለ በጋሪና በተሸካሚ መሀል መንገድ አስከፈተልን። አባባ ከወንበሩ ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝ፤ ይዤው እስከ ቤት ሄድኩ። እጁ ይሞቅ ነበር።

ማታ ጋሽ ሙደሲር ፊት ኪኒኑን ዋጠ። ምላሱንም አንሥቶ አሳያቸው።

አዳራሹ በተባለው ጊዜ ፈረሰ። አባባ አልወጣም፤ የቆርቆሮው ድምፅ እስኪያልቅ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። መድኃኒቱ ግን ሠርቶለት ክረምቱን አለፈ። ደጃፋችን ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል፤ ከጎኑ የሚቀመጥ ግን የለም። የእኛ ቤት ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ቢተርፍም ከሽማግሌዎቹ የብዙዎቹ ቤት እዚያው አካባቢ ስለነበር እሱም ፈርሶ ወደየአቅጣጫው ሄደዋል። ጋሽ ሙደሲርን ልጃቸው ወደ ከተማው ዳር ወስዷቸዋል። ምትክ ቦታው ላይ አንድም ስብሰባ አልተደረገም፤ እዚያ ድረስ የሚሄድ ጉልበት ያለው አልነበረም።

"ማን ሞተ?" ይል ነበር አባባ ጠዋት ጠዋት። ቀድሞ ይህን ማንም ሳይጠይቅ የሚነግረው አዳራሹ ነበር። እማዬ፣ "ማንም" ትለዋለች። አላመናትም፤ ግን ሌላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

በታኅሣሥ አረፈ። ትምህርት ቤት ሆኜ ነው። ስመለስ የሰፈሩ እድር ድንኳን ተክሎ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በፍጥነት ተሸክመው ወሰዱት፤ ቸኩለውም አልነበረም፣ ጉልበት ስለነበራቸው ነው። ከወታደሮቹ አንድም ሰው አልነበረም። እማዬ ለማን እንደምትልክ አታውቅም ነበር።

ጋሽ ሙደሲር የመጡት በሳልስቱ ነው፤ ገበያ ውስጥ ከአንድ ሰው ሰምተው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነበር፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው። ድንኳኑ ተነሥቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመው እማዬን አዩዋት።

"ወጣ?" አሏት።

"ወጣ።"

"ማን ተሸከመው?"

"የሰፈር ልጆች።"

"በየት በኩል አወጣችሁት?"

እማዬ እንደ እንግዳ ሰው ቤታችንን ዞር ብላ አየችው። "በበሩ ነዋ ጋሽ ሙደሲር" አለች። "እኛ አንድ በር ነው ያለን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብተው የአባባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እማዬ ሻይ አቀረበችላቸው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልጠጡትም። እንደሚቀልዱ ሰው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ።

"እኔ ስሞትስ" አሉ፣ "ማን ይነግራችኋል?"

እማዬ፣ "ኧረ እንሰማለን" አለች።

እስከ ዛሬ አልሰማንም።